ስለ ብርሃንና ስለ ምጣድ

በጎንደር ከተማ ለሕዝብ የተነገረ ትምህርት



በ1762 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በወገራ ሜዳ አድርጎ ወደዚህች ከተማ በገባ ጊዜ፣ በልቡ የያዘው ጉዳይ አንድ ነበር፤ ይኸውም የዓባይን ምንጭ በዓይኑ አይቶ ለአገሩ ሰዎች ለመናገር ነው። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ እንደ ተስተናገደ፣ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዳስታመመ፣ በኋላም እስከ ግሽ ድረስ ወርዶ ከምንጩ ውሃ እንደ ጠጣ ብዙዎቻችሁ ከታሪኩ ታውቁታላችሁ። እኔ ዛሬ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ እምብዛም የማይወሳውን አንድ ነገር አነሣለሁ። ይህ ሰው በስኮትላንድ ኪናርድ የሚባል ርስት ነበረው፤ ከርስቱም ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር፤ ከሰሉንም ካሮን የተባለው የብረት ማቅለጫ ይገዛው ነበር። እንግዲህ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣውን እንግዳ እስከ ጎንደር አደባባይ ካደረሱት ነገሮች አንዱ የድንጋይ ከሰል ነው ማለት ነው። ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ሌላው የአገሩ ልጅ ጄምስ ዋት የእንፋሎትን ሞተር ያሻሻለበትን ጥበብ በስሙ አስመዝግቦ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የከሰልና የእንፋሎት ዘመን ዓለሙን ሁሉ እንዴት እንደ ለወጠ መዘርዘር አያሻኝም።

ይህን ጥንታዊ ነገር የማነሣው በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሮች፣ የእነርሱ ከሰልና የእኛ ዓባይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ስለ ተገናኙ ነው። መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እንግሊዞች ራትክሊፍ የሚባለውን፣ በድንጋይ ከሰል መብራት የሚያመነጨውን የመጨረሻ ጣቢያቸውን ዘጉ፤ በለንደን ሆልበርን በሚባለው ሰፈር በከሰል የሚሠራ የሕዝብ መብራት በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከተጀመረ 142 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ጳጉሜ 4 ቀን፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። አንዱ ሕዝብ የቀድሞ ሀብቱን ምድጃ ያጠፋበት፣ ሌላው ሕዝብ ለዘመናት ሲሸኘው የኖረውን ወንዝ ሥራ ያስያዘበት ዓመት አንድ ሆነ። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ፣ ስለ አገራችን ኃይልና ስለ ኢኮኖሚያችን ተስፋ ማድረግ የሚያስችል ምክንያት እንዳለ ለወገኖቼ መናገር ግዴታዬ መስሎ ታየኝ፤ ተስፋውም ከወዴት ጀምሮ እስከ ወዴት እንደሚደርስ፣ ከምንስ ላይ እንደሚቆም ለክቼ ማሳየት ነው ዓላማዬ።

አስቀድሜ የእንግሊዝን ነገር ላስረዳ፤ ሀብታም አገር ስለሆነች አይደለም፤ ከጭስ ወደ ንጹሕ አየር የተጓዘችበት መንገድ ለእኛ የሚሆን ትምህርት ስላለው ነው። እንደ እነርሱ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1952 የለንደን ከተማ ከየቤቱ ምድጃና ከየፋብሪካው በወጣ የከሰል ጭስና በጉም ተሸፍና አምስት ቀን ያህል ስትሰነብት፣ ሰው በቀትር እጁን ዘርግቶ ጣቱን ለማየት እስኪቸገር ድረስ ጨለመች፤ በመጀመሪያው ቆጠራ ብቻ 4,000 ያህል ሰው በጭሱ ምክንያት እንደ ሞተ ታወቀ። ከአራት ዓመት በኋላ የንጹሕ አየር ሕግ አወጡ። ከዚያም በ2008 የአየር ንብረትን የሚመለከት ሕግ በምክር ቤታቸው ሲጸድቅ፣ በሥልጣን ላይ የነበረውና ተቃዋሚው ወገን በአንድ ቃል ደገፉት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ተለዋውጠዋል፣ ገዥው ፓርቲም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሕጉ ግን በቦታው አለ። በ2012 ከሚያመነጩት መብራት ከመቶ 40 ያህሉ ከከሰል ይመጣ ነበር፤ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ ባዶ ወረደ።

ይህ በምን ተቻለ ቢባል፣ ከዘዴዎቹ አንዱ እጅግ ቀላል ነው፤ ገበሬም ነጋዴም ይረዳዋል። መንግሥታቸው በባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ለሚተክለው ባለ ገንዘብ እንዲህ የሚል ውል ይሰጠዋል፤ ለምታመርተው ለእያንዳንዱ መለኪያ ለብዙ ዓመታት ይህን ያህል ዋጋ ታገኛለህ፤ የገበያው ዋጋ ከዚህ ቢያንስ ይሞላልሃል፤ ቢበልጥ ትመልሳለህ። ውሉንም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ በጨረታ ይወስደዋል። ባለ ገንዘቡ የነገውን ዋጋ ሳይፈራ ስለሚበደርና አበዳሪውም ወለዱን ስለሚቀንስለት፣ ከ2015 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ የባሕር ነፋስ ዋጋ ከግማሽ በታች ወረደ። በ2023 የዕቃና የወለድ ዋጋ በናረ ጊዜ ግን መንግሥት ያስቀመጠው ጣሪያ ዝቅ ብሎ ስለ ተገኘ፣ በዚያ ዓመት ጨረታ ለባሕር ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። ያን ጊዜ ነገሩ ከሸፈ ብለው አልተዉትም፤ ጣሪያውን ከፍ አድርገው በሚቀጥለው ዓመት ጨረታውን ደገሙ፣ ተጫራቾቹም ተመለሱ። የመብራት ሒሳብ ዛሬም ለብዙ የእንግሊዝ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ማማረሩም አልቀረም። እኔ ከእነርሱ የማደንቀው ውሉን ጠብቀው መኖራቸውንና ስሕተታቸውን ባዩ ጊዜ ፈጥነው ማረማቸውን ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ውሃን በቦይ ጠልፎ ማሠራት ለጎንደር ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። በየዓመቱ የጥምቀት በዓል ሲቃረብ የቀሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ የዐፄ ፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ሲሞላ፣ በመካከሉ የቆመው ግንብ በውሃው ላይ ጥላውን ሲጥል፣ ልጆችም እየዘለሉ ሲዋኙበት ከሕፃንነታችን ጀምሮ አይተናል። ውሃን ወደ ብርሃን መለወጥ ግን በአገራችን የዘገየ ነገር ነው። አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ቀደም ብሎ፣ 43 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ በእኛ አውራጃ አቅራቢያ ደግሞ ጢስ ዓባይ 11 ሜጋ ዋት ተኩል በማይሞላ ኃይል ባሕር ዳርን ማብራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ዓመታት የፈጀውን የዓባይን ሸለቆ ጥናት በ17 ቅጽ አጠናቀው አስረከቡ፤ በሱዳን ድንበር አጠገብ ሊሠራ የሚችል ግድብ በዚያ ጥናት ውስጥ ተጠቅሶ ነበር። ወረቀቱ ግን በመደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የሚያበድር ጠፋ፤ የሚያበድር ቢገኝም ከወንዙ በታች ያሉትን አገሮች ቅሬታ ይፈራ ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ ገንዘቡ ከራሳችን እንዲወጣ ተወሰነ። መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ገበሬው ከእህሉ ሽያጭ፣ በውጭ አገር ያለው ወገናችንም ከላቡ ዋጋ ቦንድ ገዛ፤ የመንግሥት ግምጃ ቤትና ባንክ ደግሞ የበዛውን ሸክም ተሸከሙ። ይህ እንግዲህ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው፤ ፖሊሲ ማለት በመጽሐፍ ብቻ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ሕዝብ ከዛሬ እንጀራው ቆርሶ ለነገ የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ነው። ከዚህ ከተማ በስተደቡብ፣ በማክሰኝት የተወለደው ኢንጂነር ስመኘው በቀለ የሥራው መሪ ሆኖ ግድቡ በሚሠራበት በጉባ በረሃ ዓመታት ሲደክም ኖሮ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ በመኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲዞር አላየም። ይህን ስናገር ልቤ ይነካል፤ ማክሰኝትን በመንገድ ባለፍሁ ቁጥር ያንን ሰው ሳላስበው አልቀርም።

ግድቡ ዛሬ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህም ቆቃ ሲጀመር ከነበረው አቅም 120 እጥፍ ያህል ነው። ከእርሱ በፊት በ2002 ዓ.ም. የጣናን ውሃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራ ሰርስሮ ወደ በለስ የሚያወርደው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ሲጨምር፣ በዚያው ዓመት በሰሜን ተራሮች ሥር በሚያልፈው በተከዜ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 300 ሜጋ ዋት ጨመረ። ለዚህ ሁሉ ከፍለናል፤ የጢስ እሳት ፏፏቴ ብዙውን ጊዜ ከቀድሞ ግርማው ተራቁቶ የሚታየው ውሃው ወደ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ነው፤ ይህንን ሳይጠቅሱ ስለ ብርሃን ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የፍጥረት በረከት አለ። ውሃችን የሚበዛው በክረምት ነው፤ በበጋ ወንዞቹ ይሳሳሉ፣ ግድቦቹም ይጎድላሉ። ነፋሳችን ግን የሚበረታው ሰማዩ ሲጠራ፣ በበጋው ወራት ነው። ክረምቱ ውሃ ሲሰጥ በጋው ነፋስና ፀሐይ ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በትግራይ የአሸጎዳው ማመንጫ በ2006 ዓ.ም. 120 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለተኛው ደግሞ በ2007 ዓ.ም. 153 ሜጋ ዋት ይዘው የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዞች ነፋስ ሲቆምባቸው ጋዝ ማንደድ ግድ ይሆንባቸዋል፤ እኛ ግን ነፋስ ሲነፍስ የግድባችንን ውሃ አጠራቅመን፣ ነፋስ ሲያርፍ መልቀቅ እንችላለን። ይህን የመሰለ ስጦታ የተሰጣቸው አገሮች ጥቂት ናቸው።

ይህ ሁሉ እያለ ከሕዝባችን ግማሽ የሚያህለው ብቻ ነው መብራት የሚያገኘው። መብራት ያለው ቤትም ቢሆን መብራቱ ለምን ይውላል? ወደዚህ ስደርስ ከአንድ ቤት ልግባ።

ባለፈው በጋ በዳባት አካባቢ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ካለ መንደር፣ ከአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቤት በእንግድነት አድሬ ነበር። ማለዳ ስነሣ እንጀራ ሊጋግሩ ከማድቤት ገብተዋል። ምጣዱ በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል፤ ከሥሩ ኩበት ይነዳል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ከጣራው ሥር ይንከባለልና ወደ ታች ይመለሳል። እርሳቸው ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሱ፣ ሊጡን ከዳር ወደ መካከል እያዞሩ አፈሰሱ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ከደኑ፤ ከዚያም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እንዲህ አድርገው ሃያ ስድስት እንጀራ አወጡ፤ እኔ እየቆጠርሁ ነበር። ከራሳቸው በላይ ግን ከጣራው ወራጅ ላይ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላ ነበር። «እናቴ፣ መብራት ገብቶልዎ የለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ መብራቱ ለዓይን ገባ፤ ለሆድ ገና ነው» ብለው መለሱልኝ።

ይህ ንግግር ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አስተማረኝ። በአገራችን ከሚነደው ኃይል ሁሉ ከመቶ 90 ያህሉ እንጨት፣ ከሰል፣ ገለባና ኩበት ነው፤ ከቤት ማገዶም የበዛውን እጅ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። የደጋው ሰው ዛፉ ሲያልቅበት ወደ ባሕር ዛፍ፣ ባሕር ዛፉ ለከተማ ሲሸጥበት ወደ ኩበት፣ በሰሜን ተራራ ያለው ደግሞ አስታ ወደሚባለው ቁጥቋጦ ዞረ። ኩበት እንግዲህ ምንድን ነው? ከበረት የወጣ እበት፣ ተጠፍጥፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የደረቀ፣ የማሳ ምግብ ነው። በነደደ ጊዜ ለሰብሉ እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በአመዱ ውስጥ የቀረው ፎስፈረስም አብዛኛውን ጊዜ ከጓሮ ይደፋል እንጂ ሩቅ ካለው ማሳ አይደርስም። ገበሬው ይህን ካነደደ በኋላ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ ከመርከብ ወርዶ፣ በጂቡቲ መንገድ ተጉዞ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ እንዲመጣለት ይጠብቃል። የራሳችንን ማዳበሪያ በጉልቻ ሥር አንድደን የሌላውን በዶላር እንገዛለን ማለት ነው። ወገራ ለጎንደር ጎተራ እንደ ነበረ አባቶቻችን ይነግሩናል፤ የዛሬውን የገብስ ማሳ ሣሣ ብሎ ላየው ሰው የኩበቱ ጭስ ምን እንደ ወሰደ ይታየዋል። አፈሩ ሲሳሳ ዝናቡ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የተጠረገው አፈር ከፊሉ ወደ ተከዜ ግድብ ይወርዳል፤ ለዚህችም ከተማ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ የተቸገርነው ከዚሁ ሥር በመጣ ችግር ነው። በምጣዱ ሥር ያለው ጭስ፣ የገብሱ መሣሣት፣ የዶላሩ መጥፋትና የቧንቧችን መድረቅ በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው።

ስለዚህ እኔ የኃይል ፖሊሲያችን መለኪያ ምጣዱ ነው እላለሁ። አምፖል ጨለማን ያርቃል፣ ልጅ ያስጠናል፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። እርሱን ግን ጣራ ላይ በተለጠፈች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳም ማግኘት ይቻላል፤ የሰሌዳው ዋጋ ከ2010 እስከ 2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሉት ዓመታት ከመቶ 90 ያህል ስለ ወረደ፣ በጃናሞራና በበየዳ ገደል ለገደል ምሰሶ ተክሎ መድረስ ለማይቻልበት መንደር ይህ መንገድ ነው፤ በአገር አቀፉ የመብራት ማዳረሻ ዕቅድም ከመቶ 35 ያህሉ ቤት በዚህ ዓይነት እንዲደርሰው የታሰበው ስለዚህ ነው። ምጣድ ግን ሌላ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲግል እስከ 3,500 ዋት የሚደርስ ኃይል ይስባል። የሕዳሴው ግድብ ሙሉ አቅሙ ለዚህ ብቻ ቢውል በአንድ ጊዜ የሚያግለው 1 ሚሊዮን ከ400 ሺህ የሚበልጥ ምጣድ ነው፤ በአገራችን ያለው ቤተሰብ ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ሒሳብ የሰማ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ እኔ ግን የምቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ቤት የሚጋግረው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፤ የሚጋግረውም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ነው፤ ሁሉም በአንድ ማለዳ ካልጣደ፣ በሌሊትና በቀትር የሚተርፈው ኃይል ለብዙ ሚሊዮን ምጣድ ይበቃል። በየሰዓቱ የተለያየ ዋጋ ቢቆረጥ፣ የጎረቤት ሴቶችም እንደ ወንፈል ተራ ቢይዙ፣ ምጣዱም ሙቀቱን ይዞ የሚቆይ ሆኖ ቢሠራ፣ ሒሳቡ ይታረቃል። ሽቦው እስኪደርስም በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ስለሚቀንሰው፣ እርሱን መናቅ ስሕተት ነው።

የቀረው ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩና ገንዘቡ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጎንደር፣ ከዚያም በሸኽዲና በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሄደው የከፍተኛ ኃይል መሥመር ከዚህ ከተማ ዳር ሲያልፍ በየቀኑ እናየዋለን፤ ለጎረቤት አገር የምንሸጥበት ነው፤ ወደ ኬንያ የሚሄደውም 1,000 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መሥመር እንዲሁ ነው። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ የእኛ እናቶች በኩበት እየጋገሩ ለምን ይሸጣል ይላሉ። ቅሬታቸው ከልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ከሽያጩ የሚገኘው ዶላር ትራንስፎርመርና ሽቦ ለመግዛት ከዋለ ሽያጩ ለእናቶቻችን ነው፤ ለሌላ ከዋለ ግን ነቃፊዎቹ እውነት አላቸው። መጠበቅና መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብራችን በብዙ እጅ ረከሰ፤ ከዚያም ወዲህ የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ድሃው ይህን በገበያም በሒሳብ ደረሰኝም ተሰምቶታል፤ እኔም እንዲቀልበት አጥብቄ እሻለሁ። ሆኖም መብራትን ከወጪው በታች የሚሸጥ መሥሪያ ቤት የተቃጠለ ትራንስፎርመር መተካት አይችልም፤ የሚጠቅመው ጥቂት ለሚጠቀም ቤት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙ ለሚጠቀመው እውነተኛውን ዋጋ ማስከፈል ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ክልከላ ነው። ለነዳጅ በየዓመቱ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የምናወጣ፣ ከምድራችን ግን የራሳችንን መብራት የምናፈልቅ ሕዝብ ስለሆንን፣ እኔ ውሳኔውን በመሠረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጠጋኙ፣ የመለዋወጫ ዕቃውና የባትሪ መሙያው ከአዲስ አበባ ውጭ ሳይደርስ መቅደሙ ግን ጎንደርን የመሰለ ከተማ አስቸግሯል። መኪናው ቀድሞ ምጣዱ እንዲከተል መደረጉም ቅር ያሰኘኛል። አንድ ሰው በኤሌክትሪክ መኪና ሲሄድ አንዲት እናት በጭስ ውስጥ ከቀረች ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል።

ለምጣዱ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ ሥርዓቱ በመካከላችን አለ። ዕቁባችን አለ፣ የሴቶች ማኅበራችን አለ፣ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ የተባለው በየወረዳው ቅርንጫፍ አለው። አንድ ዕቁብ በየወሩ ለአንዲት አባል ምጣድና የሽቦ ማስገቢያ ቢያወጣ፣ ባንኩም በእንግሊዞቹ ውል ዓይነት ዋጋውን ለዓመታት አጽንቶ ቢያበድር፣ ከማገዶ የሚተርፈው ገንዘብ ዕዳውን እንደሚከፍል አልጠራጠርም። ይህ ከተማ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሲከፈትበት፣ የጤና መኮንኖችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ወደ ገጠር የወጡት በዋነኛነት ሰው ከመታመሙ በፊት ቤቱ እንዲስተካከልለት ነበር፤ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የማድቤትን ጭስ እንደ ውሃ ወለድ በሽታ ቢይዘው ለዚያ ጥንታዊ ዓላማው የተገባ ነው።

ሰላምን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የሆነውን ጦርነት ሁላችሁም በቤታችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዳባትና በዛሪማ የፈሰሰውን ደም የሚረሳ የለም። ምሰሶ የሚተክል ሠራተኛ ከማለዳ እስከ ማታ ያለ ሥጋት የሚውልበት መንገድ ካልተገኘ፣ ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ እንደ 1964ቱ ጥናት በመደርደሪያ ይቀራል። ስለዚህ ለሰላም መጸለይና መምከር ከዚህ ትምህርት የተለየ ጉዳይ አይደለም።

ከዳባቷ እናት ቤት በወጣሁበት ማለዳ፣ ሊሸኙኝ እስከ መንገዱ መጡ። በበረታቸው አጠገብ እበት የሚደፋበት አንድ ቁራጭ መሬት ነበረ፤ በመስኖ የተዘራው ገብስ ከዚያ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጉልበት ደርሷል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ግን ቢጫ ሆኖ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ የሁለቱ መለያ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር። ጎንደር የምትኖረው ልጃቸው በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች፤ «እዚያ ሄጄ አይቻለሁ፣ ማድቤቷ ሻማ እንኳ የነደደበት አይመስልም» አሉኝ። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው ከለመለመው ጫፍ ተነሥተው በቢጫው ማሳ ላይ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ሄዱ፤ ከድንበሩ ድንጋይ ሲደርሱ ቆመው፣ «ኩበቱ ከተረፈኝ እስከዚህ ነው የማደርሰው» ብለው በእጃቸው አሳዩኝ።